ፑሽኪንን ትንሽ አቆዩት፦ የራሺያና አካባቢዋ ጥናት ማስተርስ ለምታስቡ

አሜሪካ ውስጥ የራሺያንና የአካባቢዋን አገራት ጥናት በማስተርስ ለመማር የሚያስቡ ልጆች አልፎ አልፎ የማመልከቻ ደብዳቤያቸውን ይልኩልኛል። ከፍቼ ሳላነበው መጀመሪያው ላይ ማን እንዳለ እገምታለሁ። ፑሽኪን ነው።

አንደኛው ስህተት ይኸው ነው። የገጣሚው ቅድመ አያት ጋኒባል የኛ ሰው ነው ብሎ መጀመር ደስ ይላል። ግን ደብዳቤውን የሚያነቡት ፕሮፌሰሮች ክርክሩን ያውቁታል። ሰውዬው የተወለደው በዛሬዋ ካሜሩን፣ ሎጎን በሚባል ቦታ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ደግሞስ የዘር ሐረግ መቼ የጥናት ጥያቄ ሆነ? ሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1977 ሶማሊያን ትታ ወደ ደርግ የዞረችው እንዴት ነው? ይኼ ጥያቄ ነው። የሶቭየትና የምሥራቅ ጀርመን ሰነዶቹን የዋሽንግተኑ ዊልሰን ማዕከል በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳትሟል። እናንተ ደግሞ የዚያን ጊዜውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከጎን አስቀምጣችሁ ማስተያየት ትችላላችሁ። አጠገባችሁ የሚቀመጠው ተማሪ ይህን አይችልም። ደብዳቤው ላይ ጻፉት።

ሁለተኛው፣ ፊደሉን በሳምንት ለየሁ ብሎ መዘናጋት። የራሺያ ፊደል 33 ነው፤ 231 ቆጥሮ ላደገ ሰው ቀልድ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ እንደ አገባቡ በስድስት መንገድ መጨረሻውን ይለዋውጣል። ግሡ ያለቀና ያላለቀ ድርጊት እየለየ ጥንድ ጥንዱን ይመጣል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን ለማስተማር ወደ 1,100 የክፍል ሰዓት ይመድብለታል። (ለአማርኛም ያው ነው። ሳውቅ ትንሽ ኮራሁ።) ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በዚያ ላይ ሌላ ኮርስ አለ፣ ቴሲስ አለ። ከዜሮ ተነስቶ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰነድ እያነበቡ መጻፍ ያንገዳግዳል። ስለዚህ ቋንቋውን ከማመልከታችሁ በፊት ጀምሩት።

ሦስተኛው ከአገር ቤት ይዘነው የምንመጣው ነው። "ራሺያ ተምሮ መጣ" እንላለን። ሰውዬው የተማረው ግን ኪየቭ ወይም ታሽከንት ሊሆን ይችላል። ሶቭየት ኅብረት 15 ሪፐብሊኮች ነበሯት። ሁሉንም "ራሺያ" ብላችሁ ክፍል ውስጥ ካወራችሁ፣ የዩክሬንና የካዛክስታን ልጆች ፊታቸውን ያጠቁሩባችኋል። እውነት አላቸው። ከ2022ቱ ጦርነት ወዲህ ዘርፉ ራሱ ሁሉን ነገር ከሞስኮ መስኮት ማየቱን እየጠየቀ ነው። ብዙ ተማሪዎችም ራሺያኛ ለመለማመድ አሁን የሚሄዱት ወደ አልማቲ፣ ትብሊሲና ይሬቫን ነው። እዚያ ስትሄዱ ካዛክኛ፣ ጆርጂያኛ ወይም አርመንኛ ትንሽ ብትቀምሱ አትጎዱም።

የመጨረሻው ገንዘብ ነው። ፍላስ የሚባለውን የቋንቋ ስኮላርሺፕ ሁሉም ያወራለታል፤ ማን እንደሚያገኘው ግን አያጣራም። ለአሜሪካ ዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ብቻ ነው። በዲቪ የመጣ ሰው ማመልከት ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ በከንቱ አትልፉ፤ ዩኒቨርሲቲው ከራሱ ኪስ የሚሰጠውን ጠይቁ። ለሚችሉትም ቢሆን የመንግሥት በጀት ነውና አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ባለፈው ዓመት የገባ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ይዛችሁ አትቁረጡ። ለትምህርት ክፍሉ ኢሜይል ጻፉና "ዘንድሮ አለ ወይ?" በሉ።