ጣና ዳር ያለውን ቤት ገና አታፍርሱት

ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ያረጀ ቤት ይዛችሁ እንደገና ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ፈቃዱ ሳይያዝ አንዲት ቆርቆሮ እንዳታነሱ።

የአክስቴን ስላየሁ ነው። የጭቃ ቤቷን ምስጥ በልቶት ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነበርና ክረምት ሳይገባ ብላ በሁለት ቀን አስወረደችው። ፈቃድ ልትጠይቅ ስትሄድ «ቦታው በፕላኑ አረንጓዴ ነው» አሏት፣ ቤት አይሠራበትም ማለታቸው ነው። ቤቱ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የት ድረስ እንደነበረና ስፋቱ ምን ያህል እንደነበር አሳይታ ትከራከር ነበር። የቀራት ማስረጃ አንድ የክርስትና ፎቶ ነው፣ ከሕፃኑ ጀርባ በረንዳው በትንሹ የሚታይበት።

ስለዚህ ቤቱን ከአራቱም በኩል ፎቶ አንሱት። ከአጥር፣ ከመንገድና ከውሃው ያለውን ርቀት ለኩ። ካርታችሁን አውጥታችሁ ስፋቱና አዋሳኙ መሬት ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እዩ። ካልገጠመ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃውን ሲለካ ነው። ጣና በግንቦትና በሰኔ ይሸሻል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ ውሃውን የሚቆጣጠረው የጨረጨራ በር ከተሠራ ወዲህም ቢሆን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1784 እስከ 1787 ሜትር ባለው መካከል ከፍ ዝቅ እንዲል ነው የታሰበው፣ ዳርቻው ደግሞ ሜዳ ስለሆነ ትንሽ ከፍ ሲል ውሃው ብዙ ይገባል። በግንቦት የለካ ሰው ደረቁን ሁሉ ግቢዬ ነው ይላል። እናንተ በመስከረም መጨረሻ ለኩ፣ ሰፈሩ ውስጥ የቆዩ አዛውንቶችንም ውሃው እስከየት ደርሶ እንደሚያውቅ ጠይቁ።

ሕጉ ጠንከር ያለ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚመለከተው አካል የውሃ ዳርቻን ከልሎ እዚያ ውስጥ መኖሪያ ቤት መሥራትንና ዛፍ መቁረጥን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ሰው «ባፈር ዞን» የሚለው ይህንኑ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ስለዚህ ጥያቄያችሁን የሚያዩት ሰዎች ሐይቁንም ማሰብ አለባቸው። እኔም ትክክል ነው እላለሁ፣ ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እምቦጩን ያየ ሰው ይገባዋል። ባፈር ዞኑ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን ከደላላ አትስሙ። የከተማው ፕላን ክፍል ሄዳችሁ የባፈር ዞኑ መስመር በእናንተ ቦታ ላይ የት እንደሚያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ።

መስመሩ ግቢውን ከፊሉን ብቻ ከነካ ተስፋ አለ። ግንባታ ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ያሰባችሁት ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚሄድ የሚያረጋግጥ ወረቀት ጠይቁ፣ ልዩ ሁኔታችሁን የምታስረዱትም እዚያው ላይ ነው። «ድሮ እዚህ ነበርኩ» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ቤቱን ወደ መንገዱ አስጠግታችሁ፣ ወለሉን አጥብባችሁ፣ የጎደለውን ክፍል ወደ ላይ አውጥታችሁ ንድፍ ይዛችሁ ቅረቡ። ፎቅ ሲጨመር የሚጠየቀው ባለሙያና ሰነድም እንደሚጨምር እወቁት። መሬቱ ዋልካ ከሆነ የአፈር ምርመራ አስደርጉ፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። የሽንት ቤቱን ነገር ደግሞ ሳትጠየቁ አንሱት። ሐይቁ ዳር ጉድጓድ ስትቆፍሩ ቶሎ ውሃ ታገኛላችሁ፣ ስለዚህ ፍሳሹ በመሬት ውስጥ ውሃው በኩል ሐይቁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የማያሰርግ ታንከር ንድፉ ላይ ይታይ፣ መኪና ገብቶ የሚመጥበት መንገድም ይኑረው።

ግቢው ሙሉ በሙሉ መስመሩ ውስጥ ከሆነ ለንድፍ ገንዘብ አታውጡ። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ሲወሰድ የካሳና የምትክ ቦታ መብት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተደንግጓል፣ ጥያቄያችሁን ወደዚያ አዙሩት። ቤቱ ቆሞ ሲገመትና ፈርሶ ሲገመት አንድ አይደለም።

«አይቻልም» ከተባላችሁ ምክንያቱን በደብዳቤ ጠይቁ። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ተደንግጎ ነበር፣ አሁን ይግባኙን ማን እንደሚሰማ ጠይቁ፣ ግን ይግባኝ ሰሚው ፊት የምታቀርቡት ወረቀት እንጂ በመስኮት የተነገራችሁን አይደለም። ደብዳቤው ላይ ቀኑና ማኅተሙ መኖሩን ሳታዩ ከቢሮው አትውጡ።