በስልክ ካሜራ ሰውን ተኩላ ማድረግ፣ በድሮው ዘዴ

እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ውስጥ «አይ ዎዝ ኤ ቲንኤጅ ዌርዎልፍ» («ወጣት ሰው-ተኩላ ነበርኩ» እንደማለት) የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም ወጣ። ማይክል ላንደን፣ ያኔ ገና ስም ያላወጣ ወጣት፣ ቶኒ የሚባል ግልፍተኛ የሃይስኩል ተማሪ ሆኖ ይሠራል። ንዴቱን ያበርድለታል የተባለው ሐኪም በሂፕኖሲስ ጭራሽ አውሬ ያደርገዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ደወል ጆሮው ስር ሲጮህ ይለወጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ስልክ ሲጮህ።

እነዚህን የድሮ ፊልሞች የምወዳቸው ለዚች ለውጥ ብዬ ነው። ኮምፒውተር የለም። ትንሽ ይቀርጻሉ፣ ያቆማሉ፣ ፀጉር ይለጥፋሉ፣ እንደገና ይቀርጻሉ። ከዚያ አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው በላዩ ይወጣል። ዲዞልቭ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1941 «ዘ ዎልፍ ማን» በሚባለው ፊልም ላይ ተዋናዩ ሎን ቼኒ ጁኒየር ሲለወጥ የሚታየው በዚሁ መንገድ ነው፤ ያውም መጀመሪያ የሚያሳዩን እግሩን ብቻ ነው። የፊቱን ለውጥ በአራት ሙከራ እኔም ቤት ሠርቼዋለሁ። ሦስቱ ተበላሽተዋል።

ተኩላዬ የእህቴ ልጅ ነው፣ 15 ዓመቱ። «ለምን ጅብ አናደርገውም?» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ በኛ ተረት ሰው የሚለወጠው ወደ ጅብ እንጂ ወደ ተኩላ አይደለም። ግን የጅብ ጆሮ መሥራት አቃተኝ።

የሚያስፈልገው፦ ስልክ፣ የስልክ ማቆሚያ፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት፣ ጥቁርና ቡናማ አርቴፊሻል ፀጉር፣ የሽፋሽፍት ማጣበቂያ፣ ኩል፣ መቀስ፣ ዘይት። ማጣበቂያውን ከአንድ ቀን በፊት ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት፤ ብዙዎቹ ላቴክስ ስላላቸው ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ። የጫማና የጥፍር ሙጫ ፊት ላይ በፍጹም እንዳታደርጉ። ፀጉሩም ሙጫውም እሳት ስለሚወዱ ሻማና ሲጋራ አጠገባቸው አይድረስ።

መስኮቱን በመጋረጃ ዝጉት። የመጀመሪያ ሙከራዬ የሞተው በዚህ ነው። አንዱን ፊት ለመሥራት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ፀሐይዋ ቦታ ትቀይራለች። ልጁ ፀጉር ሲያበቅል ጥላው ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ ዞረ። ሁለተኛው ላይ አምፖል አበራሁ፤ መብራት ሄደ። ለዚህ ነው ቻርጅ የሚደረግ ያልኩት።

አሁን ወደ ዋናው። ጭንቅላቱ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ማድረግ። ሁለት ሴንቲሜትር ዝንፍ ካለ ምስሎቹ ሲደራረቡ አራት ዓይን ይኖረዋል። ልጁን ግድግዳ አስደግፋችሁ አስቀምጡት፣ ከማጅራቱ ጀርባ የተጣጠፈ ነጠላ ጎስጉሱ። በወንበሩ አራት እግሮች ዙሪያ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ የኔን ዘዴ ተጠቀሙ፦ የስልኩ ስክሪን ላይ ስስ ላስቲክ አልብሱና የሁለቱን ዓይኖች ጥግ፣ የአፍንጫውን ጫፍና አገጩን በማርከር ምልክት አድርጉ። ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስ (መሄዱ አይቀርም) ፊቱን ከነጥቦቹ ጋር እስኪገጥም ድረስ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀና በል፣ በቃ» እያላችሁ ትመልሱታላችሁ። የሚያየው ነገርም ስጡት። እኔ ስልኩ ጠርዝ ላይ ቀይ ስቲከር ለጠፍኩ፤ በቀረጻ ጊዜ ዓይኑ ከዚያ አይነሳም።

ፎከሱንና ብርሃኑን ስክሪኑን ተጭናችሁ በመቆየት ቆልፉ። ስልኩንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ሦስተኛው ሙከራ ጥሩ እየሄደ፣ ልጁ ጉንጩን በሙሉ ፀጉር ለብሶ ሳለ፣ እናቴ ደወለች። ስልኩ በመጽሐፍ ክምር ላይ ነበር የቆመው። ተንቀጠቀጠ፣ ተንሸራተተ፣ ወደቀ። በፊልሙ ስልክ ሲጮህ ልጁ ተኩላ ይሆናል፤ እኔ ቤት ስልክ ሲጮህ ተኩላው ቀረ። ማቆሚያ የገዛሁት በማግስቱ ነው።

የፀጉር አለጣጠፉ እንደ ሳር ቤት ክዳን ነው። ከታች ይጀመራል። መጀመሪያ አንገትና አገጭ፣ ከዚያ መንጋጭላ፣ ከዚያ ጉንጭ፣ በመጨረሻ ግንባር፤ ላይኛው የታችኛውን ሥር ይሸፍናል። ከላይ ከጀመራችሁ ሙጫው ሁሉ ይታያል። ፀጉሩን ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲሜትር ቆራርጡ፣ ጥቁሩንና ቡናማውን ቀላቅሉ። ሙጫውን ቀብታችሁ ጣት ላይ መለጠፍ እስኪጀምር ጠብቁ፤ እርጥብ ሳለ ካስነካችሁት ይንሸራተታል። ትንሽ ጭብጥ ያዙ፣ ጫፉን ብቻ በመቀሱ ጎን ጫን አድርጉ። ቅንድቡ ላይ አትለጥፉ፣ ከበላዩ ነው። ልጁ ሲነቀልለት ያሰማውን ድምፅ ብትሰሙ ለፊልሙ ትጠቀሙበት ነበር።

በአምስት ደረጃ ይበቃል። ንጹህ ፊት፣ ከዓይኑ ሥር ኩል ተቀብቶ የጠቆረ ፊት፣ አገጭና መንጋጭላ፣ ጉንጭ፣ ከዚያ ግንባርና ኩል ተቀብቶ የጠቆረ አፍንጫ። የፕላስቲክ ክራንቻ ካላችሁ መጨረሻ ላይ አስገቡት፣ ለሃጩን መቆጣጠር አይችልም። እያንዳንዱን አስር አስር ሰከንድ ቅረጹ። የሚያጉረመርም ከሆነ በመጨረሻው ላይ ብቻ ያጉረምርም፤ መሃል ላይ አፉ ከተንቀሳቀሰ አይገጥምም።

ኤዲቲንጉ ቀላል ነው። አብዛኛው የስልክ ቪዲዮ ኤዲቲንግ አፕ ዲዞልቭ አለው። ሁለት ሰከንድ ያህል ስጡት። ፊትን ራሳቸው የሚለውጡ ፊልተሮች አሉ፤ እኔ አልወዳቸውም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ተኩላ ነው የሚያወጡት። ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ሙጫውን ይደብቅላችኋል።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣውን የ«ዌርዎልፍ ኦቭ ለንደን» ፊልም ዘዴ ሞክሩ። ተዋናዩ ሄንሪ ሃል በምሰሶዎች ኋላ እየተራመደ ያልፋል፤ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ጀርባ ሲወጣ ፀጉሩ ጨምሯል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ምሰሶ ሞልቷል፤ ጎረቤት እንዳይደነግጥ ግን ቀድማችሁ ንገሩ።

ፀጉሩ ሲነሳ አትጎትቱት። ዘይት በጥጥ ነክራችሁ ሥሩን አርሱት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ፀጉር በሚያድግበት አቅጣጫ እያሻሻችሁ አንሱት። ከዚያ በሳሙና። ከጆሮ ጀርባ ማየት አትርሱ። የኛው ተኩላ በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ባለሱቁ «ጆሮህ ላይ ምንድን ነው?» እስኪለው ድረስ አላስተዋለም።