ፍላሽ ከሀዋሳ አዲስ አበባ ስትልኩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

40 ጊጋ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ ልላክ ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ እዚህ ሀዋሳ ፍላሹን በፖስታ አሽገን፣ መናኸሪያ ላይ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እንሰጣለን። ጠዋት የወጣው ከሰዓት ይደርሳል። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው።

ችግር፦ ፍላሹ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል።
ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 (በድሮው የፋይል አያያዝ ስልት) ነው። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ትልልቅ ፋይል በሚቀበለው በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ችግር፦ ፎልደሮቹ ጠፍተው ሾርትከት ብቻ ይታያል።
ቫይረስ ነው፤ ፎልደሮቹን ደብቋቸዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም። ሾርትከቱን እንዳትነኩት! በአንቲቫይረስ ስካን አድርጉና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ።

ችግር፦ ፍላሹ መንገድ ላይ ጠፋ፣ ወይም ሰው ከፈተው።
ፖስታ ማሸግ ፋይል መቆለፍ አይደለም። ፋይል የሚያሽገውንና የሚቆልፈውን ፕሮግራም ሰቨን ዚፕን ጫኑ (ነፃ ነው)፣ ፋይሉን በሱ ስታሽጉ ፎርማቱን ሰቨን ዜድ አድርጉ፣ ረዘም ያለ ፓስወርድ ስጡትና የፋይል ስሞችን የሚደብቀውንም ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ ፋይሉ ባይከፈትም «የደመወዝ ዝርዝር» የሚለው ስም ለማንም ይታያል። ኤኢኤስ 256 በሚባል ጠንካራ የመቆለፊያ ዘዴ ስለሚቆለፍ ፓስወርዱን ከረሳችሁት እናንተም አትከፍቱትም። ፓስወርዱን ደውላችሁ ንገሩ። ወረቀት ላይ ጽፎ እዚያው ፖስታ ውስጥ የሚከት ሰው አለ እኮ፤ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው።

ችግር፦ ደርሶ ሲከፈት እምቢ ይላል፣ ወይም «ዳታ ኤረር» ይላል።
መጀመሪያ ፓስወርዱን እንደገና አስጽፉ። ካፕስ ሎክ በርቶ፣ ወይም ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ፋይሉ ሲገለበጥ ተበላሽቷል፦ ኮፒው ሳያልቅ ተነቅሏል፣ ወይም ፍላሹ ራሱ ፎርጅድ ነው፤ 1 ቴራ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ውስጡ ሌላ ነው፣ ሁሉንም የያዘ መስሎ ይቀበልና ከአቅሙ በላይ የሆነውን ይበላዋል። ስለዚህ ኮፒው ሲያልቅ በኢጀክት አውጡት፣ መልሳችሁ ሰኩና ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውንም ፍላሹ ላይ ያለውንም የታሸገ ፋይል ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ከሰቨን ዚፕ ሻ 256ን (የፋይሉን የጣት አሻራ በሉት) ምረጡ። በድምሩ 64 ፊደልና ቁጥር ይሰጣችኋል፤ የሁለቱ መግጠም አለበት። ያንን በቴክስት ላኩት፣ ተቀባዩም እዚያ የታሸገውን ፋይል ሻ 256 በዚሁ መንገድ አይቶ ያስተያይ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ እንደገና ይላካል። እስኪገጥም ድረስ ኦሪጅናሉን ከኮምፒውተራችሁ አታጥፉ።