ዶሮ ማሳቀፍ፦ ሸለምጥማጥ ሳይቀድማችሁ

ዐቢይ ጾም ሲገባ እኛ ሰፈር እንቁላል ይረክሳል። 55 ቀን ሙሉ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ዶሮዋ ግን ጾም አታውቅም፣ መጣሏን ትቀጥላለች። ያንን ሁሉ ገበያ አውጥቶ በማይረባ ዋጋ ከመሸጥ ማሳቀፍ ይሻላል። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለች ቁራሽ መሬቴ ላይ ይህን ስሠራ ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ካሳቀፍኳቸው 13 እንቁላሎች አንድም ጫጩት አላየሁም። ጥፋቱም የዶሮዋ አልነበረም።

ዶሮዋ የሐበሻ ትሁን። ቦቫንስ ብራውንና መሰሎቿ ለእንቁላል ብቻ ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው፤ በዓመት 300 ገደማ ይጥሉላችኋል እንጂ የመታቀፍ ጠባይ የላቸውም። የሐበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብትጥል ነው። ግን አሥራ ምናምን ጥላ ስታበቃ ማንም ሳያስተምራት ትቀመጥበታለች። መታቀፍ መፈለጓን በቀላሉ ትለያላችሁ፦ ከጎጆዋ አትነሳም፣ እጅ ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፣ ድምፅዋም ይቆራረጣል። ገና መጣል የጀመረች ቄብ አትመኑ። እንቁላሉን ግማሽ መንገድ አድርሳ ትታው ልትሄድ ትችላለች።

እንቁላሉን አውራ ዶሮ ካለበት ቤት ውሰዱ። ሱቅ የሚሸጠው የእርባታ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አውራ ካላየች ዶሮ የተገኘ ነው፤ 21 ቀን ብታሳቅፉት የምታገኙት የገማ እንቁላል ብቻ ነው። ከተጣለ ከሳምንት ያልበለጠውን ምረጡ፣ ቢበዛ 10 ቀን። እስከዚያው ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይሆንም። አትጠቡት፤ ቅርፊቱን የሸፈነው ስስ መከላከያ ከእድፉ ጋር ይሄዳል። የቆሸሸውን ለፍስክ ቀን በቃሪያ ጥበሱት።

ቁጥሩ በልማድ ጎዶሎ ነው፤ 11 ወይም 13። ጎረቤቴ እማማ (ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው) ጥንድ ካዩ አንዱን ያነሣሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «እንዲያው ነው ልጄ» ብለው ዝም አሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ዶሮዋ ስትቀመጥ ከክንፏ ሥር የሚታይ እንቁላል ካለ ቀንሱ። አንዱ ሲበርደው ወደ ውስጥ ታስገባውና ሌላውን ታወጣዋለች፤ በዚህ ዙር ሁሉም ይበርዳቸዋል።

ጎጆው ቀላል ነው። ቅርጫት ወስዳችሁ ከሥሩ አመድ በትኑበት፣ የዶሮ ቅማልን ይቀንሳል። ከላይ የጤፍ ጭድ ሙሉበትና መሐሉን በቡጢ ጎድጎድ አድርጉት። ሳፋ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ፕላስቲክ እርጥበት ይይዛል፣ ጭዱም ይሻግታል።

አሁን ዋናው ሥራ ላይ ደረስን፤ ዶሮዋን የት ማስቀመጥና በምን መክደን።

ዶሮዋን በቀን አንሥታችሁ አዲስ ቦታ ብታስቀምጧት ዘላ ወደ ድሮ ቦታዋ ትመለሳለች። ሲጨልም፣ ባትሪ ሳታበሩባት፣ ከሥር በሁለት እጅ ደግፋችሁ አንሷት። መጀመሪያ የሚታዘንላቸውን እንቁላሎች አትስጧት። ሁለት የማትፈልጓቸውን እንቁላሎች ወይም እንቁላል የሚያህል ድንች አድርጉላትና አንድ ሌሊትና አንድ ቀን እዩዋት። ከጸናች በማግስቱ ማታ አውጥታችሁ እውነተኞቹን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ተኩላት። ዛሬ አምስት ነገ አራት ካደረጋችሁ የሚፈለፈሉትም በተለያየ ቀን ነው፤ እናቲቱ ቀድመው የወጡትን ይዛ ስትሄድ የቀሩት እዚያው ቅርፊታቸው ውስጥ ይሞታሉ።

ቦታውን በተመለከተ እማማ በመጀመሪያው ዓመት «ቤት አስገባት» ብለውኝ ነበር። እኔ ከተማ ያደግኩ ነኝ፤ ዶሮ ከሰው ጋር ሲያድር ሽታው አይስማማኝም። ስለዚህ ጓሮ ካለው ብሳና ሥር በባሕር ዛፍ አጣና ቤት ሠራሁላት፤ ጎኑን የዶሮ ሽቦ፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። በሩ ላይ ቁልፍ ሁሉ አንጠልጥዬ ነበር፣ ሌባ የሚመጣው በበር መስሎኝ።

በ16ኛው ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ስትጮህ ሰማሁ። ስደርስ ሽቦው እንዳለ፣ ቁልፉም እንዳለ ነው። ዶሮዋ አንገቷ ተነክሶ ጭዱ ላይ ተጋድማለች፣ እንቁላሎቹ ግማሹ ተሰብሯል። ከየት እንደገባ የገባኝ ሲነጋ ነው። ቆርቆሮ ሞገድ አለው፤ ግድግዳው አጣና ላይ ሲያርፍ በየሞገዱ ሥር ክፍተት ይተዋል። አንዱ ጥግ ላይ አጣናው ጎብጦ ስለነበር ክፍተቱ ቡጢ ያስገባል። ጭንቅላቱ ከገባ ሌላው ሰውነቱ ተከትሎ የሚገባለት አውሬ ደግሞ አለ።

እማማ መጥተው ላባውን አዩ። አልሳቁብኝም። «ሸለምጥማጥ ነው። ዛሬም ይመጣል» አሉ። ቤቱ ባዶ ነው ብዬ አላመንኳቸውም፤ ግን እልህ ይዞኝ አመሸሁ። ወደ ስድስት ሰዓት ሌሊት ግድም ባትሪዬን ወደ ብሳናው ሳበራ ሁለት ዓይን አበራልኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰውነቱ ጠቃጠቆ፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነ፣ ድመት የሚያህል እንስሳ ቅርንጫፉ ላይ ተዘርግቶ ያየኛል። አልሮጠም። ቀስ ብሎ ዞረና ግንዱን ወርዶ ሄደ። ዶሮዬን ገደለብኝ እንጂ እንዲህ ያለ ውብ ነገር ጓሮዬ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

መርዝ አስቀምጥ ያሉኝ ነበሩ። አታድርጉት። መርዙን የሚበላው መጀመሪያ የጎረቤት ውሻ ነው። ሸለምጥማጥ ደግሞ ዶሮ ባያገኝ አይጥ አዳኝ ነው፤ ጎተራ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እማማ ያሉኝን ነው። ቅርጫቱ ማድቤት ጥግ ይቀመጣል፣ ከምድጃው ጭስ ራቅ ብሎ። ማታ ዶሮዋ ላይ ትልቅ እንቅብ ደፍቼ ከላይ መጅ እጭንበታለሁ። የተሰፋ ነገር አየር ያሳልፋል፤ መጁ ደግሞ ሸለምጥማጥ ገፍቶ የሚጥለው ክብደት አይደለም። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ያባከንኩበትን ሥራ አንድ የወፍጮ ድንጋይ ተካው። የግድ ውጭ ይሁን ካላችሁ ጣት የማያስገባ ሽቦ ፈልጉ፣ የቆርቆሮውን ሞገድ በጭቃ ድፈኑ፣ ከጣሪያው በላይ የተንጠለጠለውንም ቅርንጫፍ ቁረጡ። ተራ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ይጠብቃል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም።

ከዚህ በኋላ 21 ቀን ነው፤ ቁጥሩ የሚጀምረው እንቁላሎቹን ከሰጣችኋት ሌሊት ነው። በቀን አንዴ ለሩብ ሰዓት ያህል ትነሣለች፤ እህልና ውሃ በቅርብ ይጠብቃት። ካልተነሣች አንሷት፣ ጎጆዋን እንዳታቆሽሽ። እንቁላሎቹን እናንተ አታገላብጡ፣ እሷ ታደርገዋለች። በ7ኛው ቀን ማታ የስልክ መብራት ከእንቁላሉ ሥር አድርጋችሁ እዩ፤ ለዚህ የተለየ መብራት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ ቀይ ክር ከታየ ሕይወት አለው። ጥርት ያለውን አውጡት፤ ካልወጣ ገምቶ ይፈነዳና ሌሎቹን ያበላሻል።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ግን መብራት አስቀድሙ። በሁለተኛው ዓመት፣ ወደ ማታ ዶሮዋ ልትበላ ስትነሣ እንቁላሎቹን ልቆጥር ጨለማው ውስጥ እጄን ሰደድኩ። የነካሁት የቀዘቀዘና የሚንቀሳቀስ ነገር ነበር። እንዴት ወደ ኋላ እንደዘለልኩ አላስታውስም። ባትሪ ሳበራ አውራ ጣት የሚያህል ቀጭን እባብ፣ አንገቱ በእንቁላል ተወጥሮ። ቆሜ አየሁት። አንገቱ ውስጥ ቀጭ ሲል ተሰማኝ፣ ፈሳሹን ዋጠ፣ ቅርፊቱን እንደተጨመቀ ጨርቅ ተፍቶ በአይጥ ጉድጓድ ሾለከ። እንቁላል ብቻ የሚበላ፣ መርዝ የሌለው ዓይነት መሆኑን በኋላ አወቅሁ። ግን እፉኝትም ሞቅ ያለ ጭድ አይጠላም፤ በጨለማ ደግሞ የትኛው እንደሆነ እጅ አይለይም። ጉድጓዱን በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩት። እናንተ ሳይመጣ በፊት ድፈኑት።

በ20ኛው ቀን ጫጩቱ ከውስጥ ሲጮህ ትሰማላችሁ። አትርዱት፤ ቅርፊቱን ብትልጡለት ደም ሥሩ ገና ስላልደረቀ ይደማል። ለመውጣት አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅበት ይችላል። የወጣውም ወዲያው አይራብም፣ ሆዱ ውስጥ የቀረው አስኳል ሁለት ቀን ያቆየዋል። እስከ 22ኛው ቀን ያልተፈለፈለውን ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩ፤ ሽታው ሸለምጥማጥን ይጠራል።

ለጫጩት ምግብ የወፍጮ ቤት ጥራጊ፣ የተከካ በቆሎና የደረቀ የእንጀራ ፍርፋሪ ይበቃል፤ ወጥ የነካውን ግን አትስጡ። ውሃው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ይሁን፣ መሐሉ ጠጠር ይደረግበት፤ ሦስት ጫጩት በጥልቅ ጣሳ ውስጥ ሰጥመውብኛል። ሁለት ሳምንት ከእናታቸው ጋር ከእንቅብ ሥር ያድራሉ፣ ቀን ቀን ደግሞ ጭልፊት እንዳይነጥቃቸው ቁጥቋጦ ካለበት አካባቢ አታርቋቸው። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ግን ከአውሬው ሁሉ ይብሳል፤ ዝናብ ሊገባ ሲል መንደር ሙሉ ይጨርሳል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በወረዳው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ጠይቁ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን እኛ አምስት ቤት ሆነን እናስመጣለን፤ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት።

እናቲቱ ሁለት ወር አካባቢ ሲሆናቸው እየነቆረች ታባርራቸዋለች። ያን ጊዜ ጭዱን አቃጥላችሁ ቅርጫቱን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ገልብጡት።