በክፍያው መንገድ ወይስ በነጻው? ለካምፐር ተጓዦች ችግርና መፍትሄ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካምፐር (መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይተን፣ ልጆቹን ይዘን ከፍራንክፈርት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ መውረድ ለቤታችን ልማድ ሆኗል። ጀርመን ውስጥ እስካለን ድረስ ለካምፐር የመንገድ ክፍያ የለም። የፈረንሳይን ድንበር ስንሻገር ግን ጥያቄው ይመጣል። ከፍለን እንሂድ ወይስ በነጻው?

ብዙ ሰው ይህን ገና ከቤት ሳይወጣ ይወስናል። አንዱ «እንከፍላለን፣ ቶሎ እንደርሳለን» ይላል። ሌላው «አንድ ዩሮ አልሰጥም» ብሎ ይነሳል። ሁለቱም መሃል መንገድ ላይ ይቸገራሉ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ውሳኔው በየቁራጩ መሆን አለበት። ለዚህ ቁራጭ ይከፈል፣ ለዚያኛው ይቅር። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ለሙሉው መንገድ አንዴ ከመወሰን ነው።

ኬላው ላይ የተጠየቃችሁት ካሰባችሁት በላይ ሆነ

አሠራሩ የአዲስ አበባ–አዳማን መንገድ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ስትገቡ ካርድ ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ በሄዳችሁበት ርቀት ትከፍላላችሁ። ችግሩ ያለው የመኪናው ክላስ ላይ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከፍታው እስከ 2 ሜትር፣ ክብደቱም እስከ 3.5 ቶን የሆነ መኪና ክላስ 1 ነው። ከ2 ሜትር በላይ ሆኖ 3 ሜትር ያልሞላ፣ ክብደቱም ከ3.5 ቶን ያላለፈ ክላስ 2 ነው። 3 ሜትር ከሞላ ወይም ከ3.5 ቶን ካለፈ፣ ባለሁለት አክስል ከሆነ ክላስ 3 ይባላል። እዚህ ላይ ክብደት ማለት ሊብሬው ላይ የተጻፈው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ያን ቀን የጫናችሁት አይደለም።

አብዛኛው የኪራይ ካምፐር ክላስ 2 ነው። ግን ለ3 ሜትር በጣም የቀረበ ነው። ከፍታውን የሚለካው ደግሞ ኬላው ላይ የተተከለ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ዓመት እኛ ላይ የደረሰው ይሄ ነበር። በወረቀት 2 ሜትር ከ80 የተባለው መኪና፣ ጣሪያው ላይ በተጨመረው የሳተላይት ዲሽ ምክንያት ወደ 2 ሜትር ከ94 ደርሶ ነበር። ያከራየን ድርጅት አልነገረንም፣ እኛም አልለካንም። መሣሪያው ክላስ 3 ብሎ አነበበን። ካርዳችንን አስገብተን ከፍለን ሄድን። ደረሰኙን ያየሁት ማታ ነው። ክላስ 3 ከክላስ 2 በደንብ ስለሚበልጥ በጣም አናደደኝ።

መፍትሄው ቀላል ነው። መኪናውን ስትረከቡ በሜትር ለኩት፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ጨምራችሁ። ከፍታውን፣ ስፋቱንና ክብደቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ኬላ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ዲሹን እጠፉ፣ የጣሪያውን መስኮት ዝጉ። የተከፈተ የጣሪያ መስኮት ብቻውን ክላስ ሊያስቀይር ይችላል። ከዚያ ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪኑን እዩ። 3 ካለ የእርዳታውን ቁልፍ ተጭናችሁ «ክላስ ደ» በሉ፤ «ክላስ ሁለት» ማለት ነው። ሠራተኛው በካሜራ አይቶ ያስተካክለዋል። ሊብሬውን እጃችሁ ላይ ያዙ። ከኋላችሁ ሰው ጥሩምባ ቢነፋም አትደንግጡ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ማስመለስ አድካሚ ነው።

የምትገቡበትን መስመርም ምረጡ። አረንጓዴ ቀስት ያለበት ለሁሉም ነው። ብርቱካናማ «ቲ» ብቻ ያለበት ግን አውቶማቲክ መክፈያ መሣሪያ ለገጠሙ ነው። ከላይ 2 ሜትር የሚል የከፍታ ገደብ ያለበት መስመር ውስጥ ፈጽሞ እንዳትገቡ።

መኪናችሁ በእውነት ከ3.5 ቶን በላይ ከሆነስ? ያኔ ክርክር የለም፣ ክላስ 3 ናችሁ። ሒሳቡ ግን ይለወጣል። እንዲህ ያለ ካምፐር በክፍያው መንገድ ላይ የሚፈቀድለት 110 ነው፤ ለትንሹ 130 ነው። ብዙ እየከፈላችሁ የምታተርፉት ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ለእናንተ ነጻው መንገድ የበለጠ ዋጋ አለው። ከ2021 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጎንና በኋላ መለጠፍ ያለበትን «የማይታይ አቅጣጫ» የሚያስጠነቅቅ ምልክትም አትርሱ።

ናቪው (መንገድ መሪው መሣሪያ) መንደር ለመንደር አዞራችሁ

ምልክቱ ይታወቃል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን ያላችሁበት ቦታ በአስር ሰዓትም አይደረስም። ልጆቹ ኋላ ያለቅሳሉ። ሳህኑ ቁምሳጥን ውስጥ ይንኳኳል። አደባባይ፣ ብሬከር፣ ጠባብ ድልድይ፣ እንደገና አደባባይ።

ምክንያቱ «የክፍያ መንገድ ይቅር» የሚለው ማስተካከያ ነው። ናቪው ሲታዘዝ ሁሉንም ያስቀራል። ለአንድ ድልድይ የምትከፍሉትን ትንሽ ብር ለማዳን ተራራ ያስወጣችኋል። የስልክ ናቪ ደግሞ የሚያስበው ስለ ቤት መኪና ነው፤ ከፍታችሁንም ስፋታችሁንም አያውቅም።

ጊዜውን አስሉት። 300 ኪሎ ሜትር በክፍያው መንገድ፣ በ100 እየነዳችሁ፣ 3 ሰዓት ነው። በተራው መንገድ ግን መሃል አጥር የሌለው ባለሁለት አቅጣጫ መንገድ ከሐምሌ 2018 ወዲህ በ80 የተገደበ ነው፤ ወደ 90 የመለሱ አውራጃዎች አሉ። መንደር ውስጥ 50፣ አንዳንዴ 30 ነው። አማካዩ 55 ቢሆን አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ቆም ቀጥል ስትሉ የሚሄደው ናፍጣም አለ። የምትቆጥቡት ገንዘብ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ጋር መመዘን አለበት። ያለ ልጆች ከሆናችሁ፣ ለመድረስ ካልቸኮላችሁ፣ መንደሩ ራሱ ጉዞ ነው። አሮጊት እናት ወይም ሕፃን ከያዛችሁ ግን ክፈሉ።

ዋናው ዘዴ ሦስተኛውን ዓይነት መንገድ ማወቅ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እንደ አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ሰፊ ሆነው የማይከፈልባቸው መንገዶች አሉ። ኤ75 ከክሌርሞን-ፌራን እስከ ቤዚዬ ወደ 340 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የሚከፈለው ሚዮ ላይ ባለው ረጅም ድልድይ ብቻ ነው። ኤ20 ከቪየርዞን እስከ ብሪቭ ነጻ ነው። ኤ84 ከካን እስከ ሬን ነጻ ነው። ብሪታኝ ክልል ውስጥ የክፍያ መንገድ የለም። ከጀርመን ለሚወርድ ሰው በአልዛስ ያለው ኤ35 አለ።

እኛ አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ከሙሉዝ እስከ ቦን በኤ36 እንከፍላለን፤ የመጀመሪያው ቀን ድካም አያስፈልገንም። ከሻሎን በነጻው ኤን80 እና ኤን70 ወደ ምዕራብ እንታጠፋለን። ቀጥሎ ጥቂት እንከፍልና ኤ75ን እንይዛለን። ናቪው ላይ ማስተካከያውን አናጠፋም አናበራም፤ መሃል ላይ የምናልፍባቸውን ከተሞች እያስገባን እኛ እንመራዋለን። በተቻለ መጠን የመኪና ልክ የሚቀበል የካምፐር ናቪ ተጠቀሙ።

ኬላ አላየንም፣ ቅጣት ግን መጣ

ይህ አዲስ ችግር ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን እየተያዙበት ነው። አንዳንድ የክፍያ መንገዶች ላይ ኬላው ተነስቷል። ካሜራ ታርጋችሁን አንስቶ ያልፋል። ኤ79 ከ2022 ጀምሮ እንደዚህ ነው፤ ከዚያ በፊት ኤን79 የሚባል ነጻ መንገድ ነበር። ስለዚህ የቆየ ምክር ሰምቶ «ነጻ ነው» ብሎ የሚገባ ሰው አለ። ከፓሪስ ወደ ኖርማንዲ የሚወስዱት ኤ13 እና ኤ14ም በ2024 ወደዚህ ተዛውረዋል።

መፍትሄው በ72 ሰዓት ውስጥ በታርጋ ቁጥራችሁ ኢንተርኔት ላይ መክፈል ነው። ካለፈ ቅጣት ይጨመራል። መኪናው የኪራይ ከሆነ ደብዳቤው መጀመሪያ የሚሄደው ለአከራዩ ነው። አከራዩም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ሊጨምርበት ይችላል። የዚያኑ ቀን ማታ፣ እራት ሲበስል ክፈሉና ማረጋገጫውን አስቀምጡ።

ከፍላችሁም ቆማችሁ

የነሐሴ ቅዳሜ፣ ከሊዮን ወደ ደቡብ፣ ኤ7። ከፍላችሁ የገባችሁበት መንገድ ላይ በእግር የሚሄድ ሰው ይቀድማችኋል። ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም፤ የቀኑ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት የትራፊክ መረጃ አገልግሎት ቢዞን ፉቴ ቀኖቹን በቀለም ይለያል፦ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ጥቁር ቀን ላይ አትንቀሳቀሱ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ውጡ። ካልሆነ ኤ7 የሚያልፍበትን የሮን ወንዝ ሸለቆ ትታችሁ በኤ75 ውረዱ።

የፍሬን ሽታ

ነጻ ማለት ሜዳ ማለት አይደለም። ኤ75 ከ1100 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ፓ ደ ለስካሌት የሚባል ረጅም ቁልቁለት አለ። የተጫነ ካምፐር ፍሬን ብቻ ከተያዘበት ይግላል፣ ይሸታል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ ሞተሩ ይያዘው። ከሸተታችሁ ቁሙና አቀዝቅዙ። ሚዮ ድልድይ ላይ ደግሞ ነፋስ ካለ ፍጥነት ቀንሱ፤ ካምፐር ጎኑ እንደ ሸራ ነው።

ሌሊት

በክፍያው መንገድ ማረፊያ ላይ አትደሩ። ሰው ተኝቶ እያለ በር የሚሰብሩ ሌቦች አሉ። ሊመሽ አንድ ሰዓት ሲቀረው ውጡ። ብዙ የፈረንሳይ መንደሮች ለካምፐር ያዘጋጁት ማደሪያ አላቸው፤ ውሃም ይሞላል፣ ቆሻሻም ይደፋል። ክፍያው በርቀት ስለሆነ ወጥቶ መግባት ብዙ አያስከፍልም። በዚያው ሱፐርማርኬት ማደያ ላይ ናፍጣ ቅዱ፤ ከመንገዱ ማደያ ይረክሳል። ግን መግቢያው ላይ የተሰቀለውን የከፍታ አሞሌ አይታችሁ ግቡ።

ፈረንሳይን አልፋችሁ ከሄዳችሁ

ሕጉ ይለወጣል። ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ መስመሩ 3.5 ቶን ነው፤ ከዚያ በታች ቪኜት (ለተወሰነ ጊዜ የሚገዛ የመንገድ ፈቃድ) ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሌላ ክፍያ ነው። ጣሊያን የምትለካው የፊት ጎማ ላይ ያለውን ከፍታ ነው፤ የጣሪያ ዲሽ አያሳስብም። ስፔን ግን ደስ ይላል። ከፈረንሳይ ድንበር በባርሴሎና በኩል ወደ ታራጎና የሚወርደው ኤፒ-7 ከመስከረም 2021 ጀምሮ ክፍያው ቀርቷል። የቆየ ናቪ አሁንም ክፍያ አለ ብሎ በባሕር ዳር ከተሞች መሃል ሊያዞራችሁ ስለሚችል፣ ካርታውን ከመነሳታችሁ በፊት አድሱት።