ክብ ማዞሪያ በስክሪን ላይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድሮ ሬዲዮ የነካ ሰው ማዞሪያ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በሁለት ጣት ይያዛል፣ ይዞራል፣ ድምፁ ከፍ ይላል። በሙዚቃ ሶፍትዌሮች፣ በተለይ በፕለጊኖች (በሌላ ሶፍትዌር ውስጥ በሚገጠሙ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ላይ፣ ያው ማዞሪያ ተስሎ ይቀመጣል፤ እኛ ሠሪዎቹ ኖብ እንለዋለን። ስዕሉ ተቀዳ እንጂ እጁ አልተቀዳም። ማውስ የያዘ ሰው ያለው አንዲት ቀስት ብቻ ናት። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ተጠቃሚውን ክብ እንዲስል ማስገደድ

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ይገባል። ቀስቷ ከማዞሪያው መሃል አንጻር ያለችበትን ማዕዘን ያሰላል፣ ዋጋውንም ከዚያ ያወጣል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ እጅ ግን በማውስ ትንሽ ክብ መሳል አይችልበትም። ቀስቷ ወደ መሃል በተጠጋች ቁጥር ደግሞ የአንድ ፒክስል ንቅናቄ ማዕዘኑን በብዙ ዲግሪ ያዘልለዋል።

የባሰው ከታች ያለው ክፍተት ነው። ማዞሪያ ብዙውን ጊዜ ከታች ግራ ተነስቶ፣ በላይ ዞሮ፣ ከታች ቀኝ ይቆማል፤ 270 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀስቷ ይህን ክፍተት ከተሻገረች ድምፁ ከዜሮ ወደ ጣሪያ ይዘላል። ሄድፎን ላደረገ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

መፍትሔው ወደ ላይ ሲጎተት እንዲጨምር፣ ወደ ታች ሲጎተት እንዲቀንስ ማድረግ ነው። 200 ፒክስል ያህል ጉተታ ሙሉውን ክልል ቢሸፍን ይበቃል። ጁስ (JUCE) በተባለው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ የሚሠሩ ከሆነ (ስሙ እንደ ጭማቂው ነው የሚነበበው) «ሮታሪ» የሚለው ተራ ምርጫ በክብ የሚጎተተው ነው፤ በቁመት የሚጎተተውን ራስዎ መምረጥ አለብዎት። ትልልቆቹም ከስህተት አልዳኑም፦ አፕል እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ኩዊክታይም 4 የድምፅ መቆጣጠሪያው እንደ ኪስ ሬዲዮ በጣት የሚሽከረከር ጎማ ነበር፤ ብዙ ተተችቶበታል።

ሁሉንም ክልል እኩል መከፋፈል

ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ስህተቱ በዓይን አይታይም። የማጣሪያ (የወፍራም ወይም የቀጭን ድምፅ መቁረጫ) ማዞሪያ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሄዳል እንበል። ክልሉን በ200 ፒክስል እኩል ካካፈልነው እያንዳንዱ ፒክስል 100 ኸርዝ ገደማ ይይዛል። የመጀመሪያዋ ፒክስል ከ20 ወደ 120 ትወረውረናለች፤ የቤዙ ግማሽ በአንድ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ከ20 እስከ 1,000 ያለው፣ የከበሮውም የሰው ድምፅ መሠረትም የሚገኝበት ሰፈር፣ ከ270ው ዲግሪ 13 ያህሉን ብቻ ያገኛል። ከ10,000 በላይ ያለው፣ ጆሮ እንደ አንድ ኦክታቭ (ኸርዙ አንዴ እጥፍ ሲሆን ያለው ርቀት) ብቻ የሚሰማው ፉጨት፣ ግማሹን ማዞሪያ ይወስዳል።

ጆሮ የሚሰማው በእጥፍ ነው። ስለዚህ ማዞሪያውም በእጥፍ ይሂድ፦ ከ0 እስከ 1 ያለውን ቦታ ይውሰዱ፣ 1,000ን በዚያ ቁጥር ፓወር ከፍ ያድርጉት፣ በ20 ያባዙት። ማዞሪያው መሃል ሲደርስ 632 ኸርዝ ይሆናል፤ ክልሉ አሥር ኦክታቭ ገደማ ስለሆነ ለእያንዳንዱ 27 ዲግሪ ይደርሰዋል። ጁስ ላይ «መሃሉ ላይ ይህ ዋጋ ይሁን» የሚያስብል ትእዛዝ አለ፤ ቀመሩ ባይመቻችሁ እሱ ይበቃል።

ይህን የተማረ ሰው ደግሞ ሁሉንም እንዲህ ማድረግ ይጀምራል። ድምፁን ግራ ቀኝ የሚያካፍለው ማዞሪያና ፐርሰንት ግን እኩል ቢከፋፈሉ ነው የሚያምርባቸው።

ከመሃል የሚነሳውን ከግራ ማስነሳት

ከ50 ግራ እስከ 50 ቀኝ የሚሄድ ማዞሪያ ዜሮ ላይ ሲሆን ዋጋውን በዙሪያው የሚያሳየው ባለቀለም ቅስት ባዶ መሆን አለበት። ከግራ ጀምሮ ግማሹ ተቀብቶ ከታየ «የሆነ ነገር በርቷል» ያሰኛል። ሁለት ጊዜ ሲነካ ወደ መነሻው መመለሱንም አይርሱ።

ማዞሪያውን በፎቶ መሥራት

በየማዕዘኑ የተሳሉ 128 ምስሎችን አንድ ላይ ደርድሮ እንደ ፊልም ማሳየት የቆየ ልማድ ነው። ባለ 64 ፒክስል ማዞሪያ ከሆነ ምስሉ 8,192 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል። ያም ሆኖ ጥራቱ ከፍ ባለ ስክሪን ላይ ይደበዝዛል፣ ቀለም ልቀይር ያለም ሁሉንም እንደገና ይስላል። በኮድ ይሳሉት፦ የጀርባው ቅስት፣ የዋጋው ቅስት፣ ጠቋሚው መስመር፣ አበቃ። በዌብ ካንቫስ (በዌብ ገጽ ላይ በኮድ መሳያው) ላይ ዜሮ ማዕዘን በቀኝ በኩል ስለሆነ ከ135 ዲግሪ ተነስተው 405 ላይ ያቁሙ።

መልኩን አበጅቶ ጠባዩን መርሳት

አንድ ጊዜ አርባ የሚሆኑ ማስተካከያዎች ያሉት ማዞሪያ ሠርቼ ነበር፤ ጥላው፣ አንጸባራቂው፣ የጥርሱ ብዛት ሳይቀር። የተጠቀመበት ጓደኛዬ ግን የጠየቀኝ «ከቁጥሩ ጎን ዲሲቤል የሚል እንዴት ልጻፍ?» ብሎ ነው። አልነበረውም። መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ክልሉ፣ እርምጃው፣ መነሻ ዋጋው፣ አከፋፈሉና ዋጋውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፈንክሽን ናቸው። ከመልክ መጠንና ሁለት ቀለም ለጅምር ይበቃል።

የጽሑፉ መጠን ደግሞ ከማዞሪያው ተለይቶ የሚስተካከል ይሁን። በ9 ፒክስል የላቲን ፊደል እንደምንም ይነበባል፤ የእኛ ግን «ቀ» እና «ቁ»፣ «ሰ» እና «ሱ» የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ አንድ ይሆናሉ።

ከማውስ ውጭ ያለውን መርሳት

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደብልዩካግ 2.2 (WCAG፣ ዌብ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የሚያዘው መመሪያ) በጉተታ የሚሠራ በመርህ ያለ ጉተታም እንዲሠራ ይጠይቃል፤ የሚነካ ነገርም በመርህ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን ይላል። ዋጋውን በቁጥር መጻፊያ ሳጥን ከጎኑ ይጨምሩ፣ የኪቦርድ ቀስቶችም ይሥሩ። ስልክ ላይ ማዞሪያው ሲጎተት ገጹ አብሮ እንዳይንሸራተት ያግዱ። የማውስ ጎማም ሌላ ወጥመድ ነው፦ ገጹን ወደ ታች ሊያወርድ የፈለገ ሰው ሳያውቀው የሦስት ማዞሪያ ዋጋ ቀይሮ ያልፋል። ማዞሪያው ቀድሞ ካልተመረጠ ለጎማው መልስ እንዳይሰጥ ያድርጉት።