ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም እንዳያገረሽ፦ ለሐኪሞች የረጅም ጊዜ ክትትል መመሪያ

ታካሚው ድምፅ መስማቱ ሲቆምና እንቅልፉ ሲስተካከል የሐኪሙ ሥራ አላለቀም፤ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን የሚተወው ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ አንድ ትንተና እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት 27 በመቶው፣ በምትኩ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 64 በመቶው ሕመሙ አገርሽቶባቸዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመ ሰው እንኳ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ሕክምናውን ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ዓመት ማስቀጠል፣ ሕመሙ ለተደጋገመበት ደግሞ ከዚያ በላይ ማራዘም ይገባል።

«መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ «አዎ» ብቻ ነው። «ክኒን መርሳት በሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን ታካሚው ሳያፍር እውነቱን እንዲናገር በር ይከፍትለታል። መተዉ ከታወቀ ምክንያቱን መፈለግ ይቀድማል፤ ክብደት መጨመር፣ እንቅልፍ ማብዛት ወይም የወሲብ ችግር ሊሆን ይችላል፣ የመጨረሻውን ደግሞ ካልተጠየቀ በራሱ አፍ አያነሣውም። እግሩ አላርፍ ብሎት ከወንበሩ እየተነሣ የሚቀመጠውን ታካሚ «ሕመሙ ተባባሰ» ብሎ መጠን መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሁኔታው አካቲዚያ የተባለው የመድኃኒቱ ጉዳት ከሆነ ጭማሪው ያብሰዋል። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚከብደው በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ይህን ምርጫ እንደ ቅጣት ሳይሆን ገና ከመጀመሪያው እንደ አንድ አማራጭ ማቅረብ ይሻላል።

ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የዚያን ሰው የግል ማስጠንቀቂያ ምልክቶች በወረቀት ማስፈር ያስፈልጋል። አንዱ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋል፣ ሌላው ምግቡን ይጠራጠራል፣ ሌላው ከሰው ይሸሻል፤ ምልክቱ በታየ ጊዜ ማን ለማን እንደሚደውል በዚያው ወረቀት ይጻፍ። መድኃኒቱ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመከታተልም የክብደት፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ቅባት ምርመራ በሕክምናው መጀመሪያ፣ በ3ኛው ወርና ከዚያም በየዓመቱ ይደረጋል።

ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው ካልሠሩ፣ ለሌሎች መድኃኒቶች ላልተበገረ ስኪዞፍሬኒያ የሚሰጠውን ክሎዛፒን የተባለ መድኃኒት ማዘግየት አይገባም። ታካሚው ክሎዛፒንን ከ48 ሰዓት በላይ ካቋረጠ በቀድሞው መጠን አይቀጥልም፤ እንደገና ከ12.5 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመርለታል፤ ይህንንም ታካሚውም ቤተሰቡም አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።